ቅሬ ያልገባ ሰው ሲሞት ግዴታው የማን ነው? (ኮምቦልቻ)

የቅሬው ጸሐፊ
ሰላም ወገኖች፣ አሰላሙ አለይኩም። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። የወሎ ሰው ላልሆናችሁ፣ እናንተ ዘንድ እድር የሚባለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ተከራይ ልጅ ነበር። ፋብሪካ ነው የሚሠራው። አገሩ ሩቅ ነው፣ ወደ ደቡብ። የሌሊት ፈረቃ ስለሚገባ ቀን ይተኛል፣ ከሰው ጋር ብዙም አይገናኝም። በቀደም ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በዚያው ቀረ። እናቱ በስልክ ተገኙ። «ልጄን እዚያ አትቅበሩብኝ፣ ላኩልኝ» አሉ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ብቻ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ወዲያ ደግሞ ሌላ ረጅም መንገድ አለ። አስከሬን የሚጭን መኪና ስንት እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ።

ሰዎች በሌሊት በሬን አንኳኩ። «ካዝናው ውስጥ ብር አለ፣ አውጣ» አሉኝ። አላወጣም አልኩ። ደንባችን ያልተመዘገበ ሰው ከካዝናው ምንም አያገኝም ይላል። ብሩ የኔ አይደለም። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሚሸጡ እናቶች በየወሩ የሚያዋጡት ነው። ድንኳንና ወንበሩ እንዲወጣ ፈቀድኩ። ከኪሴ የምችለውን ሰጠሁ። ሌሎችም አዋጡ፣ በቴሌብርም ተላከ፤ ሲነጋ ልጁ ተሸኘ።

ከዚያ ወዲህ ግን ግማሹ ሰፈር ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ደንቡ ይሻሻል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ አቋሜን አልቀየርኩም። ግን ከሰፈሩ ውጭ ያለ ሰው ምን ይላል? በመርህ መኖርና ለሰው መድረስ ሲጋጩ የትኛው ይቀድማል?

ጦሳ ግርጌ
ከደሴ ነኝ። ወንድሜ ልክ ነህ፣ አብሽር። ደግነት በሰው ብር አይሠራም። ደግ መሆን የፈለገ የራሱን ኪስ ይክፈት። ዛሬ ለአንዱ ካወጣህ ነገ ለሁለተኛው እንዴት እምቢ ትላለህ? ከነገ ወዲያ አንዷ ባልቴት ስትሞት ካዝናው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ያኔ «ለማን ነው ያወጣኸው?» ብለው አንገትህን የሚይዙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

በረካ ሳልጠጣ አልሄድም
አንድ ጥያቄ አለኝ ጸሐፊው። ድንኳኑስ? እሱም እኮ የተገዛው በእነዚያ ቲማቲም ሻጭ እናቶች ብር ነው። ደንቡ «ምንም» ካለ ምንም ነው። ድንኳኑን ስታወጣ ደንብህን አጥፈኸዋል። ታዲያ መርህህ ድንኳን ላይ ታጥፎ ብር ላይ የሚገተረው ለምንድን ነው?

የቅሬው ጸሐፊ
በረካ፣ ጥሩ ያዝከኝ። ግን መልስ አለኝ። ድንኳን ይመለሳል፤ የወጣ ብር አይመለስም። ድንኳኑ አንድ ሌሊት ውጭ ቢያድር የሚጎዳ አባል የለም። አደራ የተቀበለ ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት «ባለቤቱ ነገ ሲመጣ የሰጠኝን እንዳለ ያገኘዋል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ የመዘንኩት እንደዚያ ነው።

በረካ ሳልጠጣ አልሄድም
እሺ፣ ይሄን ተቀበልኩ። ግን ደንቡ ውስጥ አልተጻፈም፣ አንተ ነህ የጨመርከው። ከጨመርክ ዘንድ ትንሽ ብትጨምር ምን ነበረበት? ለመኪናው አበድረህ በኋላ በመዋጮ ማስመለስ ይቻል ነበር።

ሸዋ በር
ቢስሚላህ። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ይህ ጥያቄ ጥንት የተመለሰ ነው። ጀናዛ ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ ነው። ከመካከል የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይወርዳል። ማንም ካልፈጸመው ግን አውቆ፣ መቻል እየቻለ ዝም ያለ ሁሉ ወንጀለኛ ነው። ሟቹ መዝገብ ላይ አለ ወይ፣ ከፍሏል ወይ የሚል ጥያቄ የለበትም። የሚጠየቀው በሕይወት ያለው ነው። አየህ አይደል፣ ግዴታው የካዝናው አይደለም። የሰፈሩ ሰው ነው። ካዝናው ባይከፈትም ሰፈሩ ስለተነሳ ተፈጽሟል፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም አልነገርከንም። ለእኛ ቅሬ መቼም ለውጥ የለውም።

የቅሬው ጸሐፊ
ክርስቲያን ነበር፣ ሸዋ በር። መኪናው ላይ የጫኑት ግን አብዛኞቹ የእናንተ ልጆች ናቸው። እኛ ሰፈር ቅሬው አንድ ነው።

የሐይቅ ዳር ዲያቆን
ሸዋ በር ካለው ላይ ትንሽ ልጨምር። መጽሐፈ ጦቢት ላይ ጦቢት በነነዌ ስደተኛ ሳለ በየመንገዱ የወደቀውን የወገኖቹን ሬሳ እያነሳ ይቀብር ነበር። ንጉሡ ሰምቶ ሊገድለው ፈለገው፣ ንብረቱንም ወረሱት። ከዚያ ሁሉ በኋላ በበዓል ቀን ማዕድ ቀርቦለት ሳለ አንድ ሰው ሞቶ ወድቋል ሲሉት እህሉን ሳይቀምስ ተነስቶ ሄደ። ጎረቤቶቹም አሾፉበት። «በዚህ ሥራ ሊገደል ነበር፣ ዛሬም አልተወም» አሉት። ታሪኩ ላይ የሚገርመኝ ይሄ የጎረቤት ነገር ነው። ለወገኑ የሚደርስ ሰው ከሩቅ ይመሰገናል፣ ሰፈሩ ውስጥ ይሳቅበታል።

ፍልስፍና ሁለተኛ ዓመት
ክፍል ውስጥ የተማርነውን ላካፍላችሁ። ካንት የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውን መቼም ቢሆን እንደ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትይ ይላል። ደግሞም የምታደርገው ነገር ለሁሉም ሰው ሕግ ቢሆን ትወዳለህ ወይ ብለህ ጠይቅ ይላል። በዚህ ሚዛን ጸሐፊው ያለፈ ይመስለኛል። አደራ የሚበላበት ዓለም ውስጥ አደራ የሚሰጥ አይኖርም። ግን ካንት ሌላም ግዴታ አለ ይላል፣ ችግረኛን መርዳት። መጠኑንና መንገዱን ለሰውየው ነው የተወው። ሙሉ በሙሉ መተው ግን አይቻልም።

ጦሳ ግርጌ
ካንት ኮምቦልቻ ተከራይቶ ያውቃል?

ፍልስፍና ሁለተኛ ዓመት
ኧረ ከተወለደባት ከተማ ብዙም ርቆ ሄዶ አያውቅም ይባላል 😂

ጠበቃው
ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም በሌላም ላይ ጉዳት ሳያመጣ መርዳት እየቻለ አስቦ የተወ ሰው ይቀጣል ይላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። መንገድ ላይ ወድቆ ያየኸውን ሰው ዘልለህ መሄድ በእኛ አገር ሕግ ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ነው። ሐኪምን የመሰለ መርዳት ሥራው የሆነ ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉ ግን የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ነው።

ስለ አሠሪው ደግሞ ማንም አላነሳም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው የሞተው በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ወይም ሥራው ባመጣው በሽታ ከሆነ፣ የቀብር ወጪና የቤተሰቡ ካሣ አለ። በሌላ ሕመም ከሞተም ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። ያ የቤተሰቡ ገንዘብ ነው። እናቱ ሩቅ ናቸው፣ ማን ይጠይቅላቸው? ጸሐፊው፣ ለሰው መድረስ ከፈለግህ ይሄው ሥራ። ካዝና አያስከፍትም።

የቅሬው ጸሐፊ
እግዜር ይስጥልኝ ጠበቃው። ይሄን አላሰብነውም ነበር። ሰኞ ሁለት ሰው ይዤ ወደ ፋብሪካው እሄዳለሁ።

ሲስተር ደሴ
ነርስ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ሬሳው ስታወሩ አነበብኩ። እኔ ስለ ልጁ ልጠይቅ። ሆስፒታል ሲተኛ አጠገቡ ማን ነበር?

የእኛን አገር ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። በሽተኛ ያለ አስታማሚ ግማሽ በሽተኛ ነው ማለት ይቻላል። የታዘዘውን መድኃኒት ከውጭ ፈልጎ የሚያመጣ፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጥ፣ አጥሚት የሚያጎርስ፣ ሌሊት ሲብስበት እኛን የሚጠራ አስታማሚ ነው። አንዲት ነርስ ሌሊት ላይ የሚጠብቋት በሽተኞች ብዙ ናቸው። እኛ ዋርድ ውስጥ ብቻውን የሚተኛ ሰው አይጠፋም። የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ልጅ፣ ሹፌር። «ቤተሰብ አለህ?» ስንለው ጣራ ጣራ ያያል። የጎን አልጋው አስታማሚ ናት የምታጎርሰው። የማታውቀውን ሰው የምታጥብ እናት አይቻለሁ። ልጇን ይዛ ወጥታ፣ በማግስቱ ለእሱ ሾርባ ይዛ ተመልሳ መጥታለች። ቅሬም የላት፣ ካንትም አታውቅ።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ ልጅ ሲሞት ሌሊቱን ሃምሳ ሰው ይነሳል። ድንኳን ይተከላል፣ ብር ይዋጣል፣ መኪና ይመጣል። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ሰው ቢመጣ ኖሮ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይደርስ ነበር። ይድን ነበር አልልም፣ የሱን ነገር አላውቅም። ግን ብቻውን አይሆንም ነበር። እኛ ሬሳ እንወዳለን። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን እንደዚያ ነው። የሞተ ሰው ቀብር ላይ ቀሪ አለ ወይ ተብሎ ስም ይጠራል፣ ቅጣትም አለ። የታመመ ሰው ጋ ያልሄደን የሚቀጣ ቅሬ አላየሁም።

ደንብ ልትለውጡ ከሆነ ይሄን አስገቡ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሆስፒታል ሲገባ፣ አባል ይሁን አይሁን፣ ተራ ይውጣ። በቀን አንድ ሰው። ብር አይጠይቅም። ደም ሲያስፈልግም እንደዚሁ። ጤነኛ ሰው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነ በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ደሴ ደም ባንክ አለ። ጉባኤው በጋራ ቀን ቆርጦ ይሂድ።

በረካ ሳልጠጣ አልሄድም
ሲስተር፣ ዝም አሰኘሽን።

አከራይ ነኝ
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ወቀሳው ወደኛ ነው የሚዞረው። ሦስት ክፍል አከራያለሁ። ተከራይ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ስሙን እንኳ በትክክል አይነግርህም። የቤተሰብ ስልክ ስጠኝ ስትለው «ምን አገባሽ» ይልሻል። ታመህ ነው ወይ ብለህ በሩን ብታንኳኳ ነገረኛ ትባላለህ። እኔ ሰው አልጠላም። ግን ሰውም እንዲቀርቡት መፍቀድ አለበት።

ባለ ፈረቃው
እኔ ያ ልጅ የነበረበት ዓይነት ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ተከራይ ነኝ፣ አገሬ ሩቅ ነው። ሁሉን አነበብኩ። ማንም ያልጠየቀውን ልመልስ፤ ለምን ቅሬ አትገቡም?

ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ የቤት ባለቤት ነህ ወይ አሉኝ። ቀጥሎ የመመዝገቢያ፣ ከዚያ ድንኳንና ዕቃው እስካሁን የፈጀውን ድርሻህን ክፈል ተባልኩ። የወር ደመወዜ አይበቃም። እሺ ተበድሬ ልክፈል። ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል ይላል ደንቡ። እኔ ፈረቃ ነኝ። ከሥራ ብቀር ደመወዝ ይቆረጣል፣ ብደጋግመው እባረራለሁ። ከቀብር ብቀር ቅሬው ይቀጣኛል። ሦስት ጊዜ ከቀረሁ ስሜ ይሰረዛል፣ የከፈልኩትም ይቀራል። እና ምን ላድርግ?

ጸሐፊው «ያልተመዘገበ ሰው» ሲል እንቢ ያለ ሰው ያስመስለዋል። እኛ እንቢ አላልንም። በሩ ለኛ ልክ አልተሠራም። አከራይዋም እማማ ይቅርታ፣ ስልክ የማንሰጠው ለምን መሰለዎት? ኪራይ ስናዘገይ አገር ቤት ድረስ ተደውሎ እናታችን የምትሰደብ ስለሆነ ነው። በእኔ ደርሷል።

አከራይ ነኝ
ልጄ፣ እኔ የማንንም እናት ሰድቤ አላውቅም። የሰደበ ካለ አላህ ይይለት። ግን አንተ ያልከው የቅሬው ነገር እውነት ነው። ተከራይ ሲገባ አይቼም አላውቅ።

ጦሳ ግርጌ
ባለ ፈረቃው ያለው ከባድ ነው። ያው እኔ ብሩ አይነካ በሚለው እጸናለሁ። ግን መግቢያው ያልተከፈተለትን ሰው «ለምን አልገባህም» ማለት ተገቢ አይደለም። ይሄን ሳላስብ አልነበረም ያወራሁት ብል ውሸት ነው።

ከዋሽንግተን
የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ውጭ ነኝ። ቀላል መፍትሔ አለኝ። እኛ ውጭ ያለን ብር እንላክ፣ ለተከራዮቹ መመዝገቢያውን እንክፈል። አበቃ። የሂሳብ ቁጥሩን ብቻ ላኩ።

ሲስተር ደሴ
እናመሰግናለን፣ ላክ። ግን ሂሳቡ ሆስፒታል ሄዶ ሰው አያጎርስም።

ከዋሽንግተን
እሱማ ገባኝ እህቴ። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? ያለኝ ብር ነው። ጊዜ ያለው ጊዜውን ይስጥ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር ካልሰጠን ካላችሁ ማንም ምንም አይሰጥም።

ሲስተር ደሴ
ተቀበልኩ። ያንን መካድ አይቻልም።

አያ የደሴው
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጽሑፉን የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። በ66ቱ ረሃብ ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ከራያ፣ ከየጁ የተነሳ ሰው በአስፋልቱ ዳር ዳር እየወደቀ ነው ደሴ የደረሰው። መንግሥት ነገሩን ደብቆት ነበር። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ ባሳዩት ጊዜ ነው ትንሽ የተሰማው። የዚያን ጊዜ የሞተ ሰው ስሙ አይታወቅ፣ አገሩ አይታወቅ። የቀበሩት የማያውቁት ሰዎች ናቸው። እኔም ቆፍሬአለሁ።

አሁን የቅርቡን ልንገራችሁ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ደሴ ገባ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሞላ። እኛ ቤትም ሁለት ቤተሰብ አደረ። ሚስቴ ሊጡን በየቀኑ ስታበዛ ትንሽ አጉረመርም ነበር፣ እንግዲህ ሰው ነኝ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደግሞ ተራው የኛ ሆነና እኛው ተሰደድን። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰው በሩን ከፈተልን። ቅሬ ከፍለሃል ወይ አላለኝም። አገርህ የት ነው እንኳ ያለኝ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው።

ጸሐፊው፣ አንተ ብሩን በመጠበቅህ አልቆጣህም። ጸሐፊ የሚሾመው ለዚያ ነው። እኔ የምጠይቅህ ለምን ሰዎቹ በሌሊት አንተ በር ላይ መጡ? ልጁ ታሞ መተኛቱን የሚያውቅ አልነበረምና ነው። ደንብ ስታወጡ ከካዝናው በፊት ዓይናችሁን ሰፈሩ ላይ አድርጉ።

ሸዋ በር
አላህ ያቆይዎት አያ።

የቅሬው ጸሐፊ
ጉባኤው ዛሬ ተደረገ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ለሦስት ሰዓት ተጨቃጨቅን። አንድ ሁለቴ ሊበተን ነበር። ካዝናው ለአባል ብቻ የሚለው አንቀጽ ድምፅ ተሰጥቶበት እንዳለ ጸና። እኔም የደገፍኩት ይህንኑ ነው። ሆኖም የባለ ፈረቃውን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ አነበብኩላቸው፣ ስሙን ስለማላውቅ «አንድ ተከራይ» ብዬ። ከዚያ በኋላ ወሬው ተለወጠ። ተከራይ የዕቃ ድርሻ ሳይጠየቅ በወር መዋጮ ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። ፈረቃ የሚሠራ ሰው በሌሊት ተራ ወይም ለቅሶ ቤት በመዋል ከቀብሩ የቀረበትን እንዲያካክስ ተባለ። ይህን የተቃወሙ ብዙ ነበሩ። «እኛ ስንት ዓመት ከፍለን፣ እሱ በነፃ?» ያሉ አሉ። አልተሳሳቱም፣ ግን በድምፅ ተሸነፉ።

የሲስተር ሐሳብ ግማሹ አለፈ። ሆስፒታል ተራው በፈቃደኛ እንዲሆን እንጂ ቅጣት እንዳይኖረው ተባለ። ወጣቶቹ ስም ሰጥተዋል። ደም ልገሳው ቀን አልተቆረጠለትም። ለማያውቁት መንገደኛ የሚሆን ለብቻው ሣጥን ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ፣ ማን ቁልፉን ይያዝ የሚለው አላስማማንም።

ፋብሪካውም ጋ ሄደን ነበር። የልጁ ያልተከፈለ ደመወዝ አለ። የእናትየውን የውክልና ወረቀት ጠይቀውናል።

በረካ ሳልጠጣ አልሄድም
ሰላምታ መለሱልህ?

የቅሬው ጸሐፊ
አንዳንዶቹ። ሌሎቹ አሁንም ፊታቸውን ያዞራሉ። ችግር የለውም፣ እኔም ያዞርኩባቸው ጊዜ አለ።

ጠበቃው
ውክልናውን እናትየው ባሉበት ሆነው አቅራቢያቸው ያለ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሄደው መስጠት ይችላሉ። እዚህ ድረስ መምጣት የለባቸውም። ግን ውክልና ብቻውን አይበቃም፤ የወራሽነት ማስረጃም ከፍርድ ቤት ያስፈልጋቸዋል። ፋብሪካው ካልነገራችሁ እኔ ነገርኳችሁ። የሞት የምስክር ወረቀቱን ዋናውን አትስጡ፣ ኮፒ ስጡ። ማመልከቻውን እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

ባለ ፈረቃው
ጸሐፊው፣ መመዝገቢያው መቼ ነው የሚጀምረው? እሁድ ከሆነ እኔ የሌሊት ነኝ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት አልደርስም።

የቅሬው ጸሐፊ
አራት ሰዓት ላይ ና። እኔ ነኝ የምመዘግበው። ሌሎች የፈረቃ ልጆች ካሉም ይዘሃቸው ና። የቤተሰብ ስልክ ይጻፋል፣ ግን መዝገቡ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ለአከራይ አይሰጥም።